ሽፋኑ ያልጠራቸው እጆች፦ የ«ዘ ሞንኪስ» አልበም ታሪክ

«ዘ ሞንኪስ» የተባለው አልበም ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1966 ነው። አሥራ ሁለት ዘፈኖች፣ በእያንዳንዱ ገጽ ስድስት ስድስት ሆነው የተቀረጹበት ሸክላ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ኤንቢሲ በተባለው ጣቢያ መታየት ከጀመረ ልክ አራት ሳምንት ከሞላው አስቂኝ ተከታታይ ዝግጅት ነው። በኖቬምበር ወር የአገሪቱን የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ያዘ፤ ለ13 ሳምንታትም ማንም አላወረደውም። በመጨረሻ ያወረደው የገዛ ታናሹ ነበር። «ሞር ኦቭ ዘ ሞንኪስ» የተባለው ሁለተኛው አልበም ቦታውን ተረክቦ ሌላ 18 ሳምንታት ቆየ። ሁለቱ ሲደመሩ 31 ተከታታይ ሳምንታት ይሆናሉ፤ ቢትልስም ሮሊንግ ስቶንስም በሙሉ ጉልበታቸው ይሠሩ በነበረበት ዘመን ከሰባት ወር በላይ አንደኛ ሆኖ መቆየት ማለት ነው።

ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው አራት ጓደኛሞች በባሕር ዳርቻ ቤት አብረው ሲኖሩ፣ የቤት ኪራይ ሲያጥራቸው፣ ባንድ አቋቁመው ሥራ ሲፈልጉና ከአንዱ ጣጣ ወደ ሌላው ሲሮጡ ነው። ጊታሩን ይዘው፣ ከበሮው ኋላ ተቀምጠው ሲጫወቱም ይታያሉ። ሸክላው ላይ የሚሰማው ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ ግን፣ ከጥቂት ቦታ በቀር፣ የእነሱ አልነበረም። የአልበሙ ታሪክ በአብዛኛው ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው ለምን እንደተለያዩ፣ ሁለቱን ለማገናኘትም ምን ያህል ትግል እንደተካሄደ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

የቴሌቪዥን ሙዚቃን በሸክላ መሸጥ በ1966 አዲስ ነገር አልነበረም። ሄንሪ ማንቺኒ «ፒተር ጋን» ለተባለው የመርማሪ ድራማ የሠራው ጃዝ በ1959 በመጀመሪያው የግራሚ ሥነ ሥርዓት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ተሸልሟል። በኮሜዲ በኩል መንገዱን የጠረገው ደግሞ ሪኪ ኔልሰን ነው። ወላጆቹ ኦዚና ሃሪየት ኔልሰን የራሳቸውን ቤተሰብ በሚተውኑበት ዝግጅት ውስጥ ያደገው ይህ ልጅ በኤፕሪል 1957 በአንዱ ክፍል ላይ የፋትስ ዶሚኖን ዘፈን ተጫወተ። ዘፈኑ ወዲያው ተወደደ። አባትየው ነገሩ ስለገባው ከዚያ ወዲያ ብዙዎቹን ክፍሎች በልጁ ዘፈን ይዘጋ ጀመር። ማታ በቴሌቪዥን የታየው ዘፈን በማግስቱ ሙዚቃ ቤት ይጠየቃል፤ ሸክላውን የገዛው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅቱን ይጠብቃል። ከሪኪ ኋላ ጊታር ይዞ ይታይ የነበረው ወጣት ጄምስ በርተን ይባላል። ይህ ስም ወደፊት ይመለሳል።

ሁለተኛው ምንጭ ፊልም ነው። የቢትልስ «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» በ1964 ሲወጣ፣ ካሜራው በእጅ እየተያዘ፣ ታሪኩ በዘፈን መሐል እየተቆረጠ፣ አራት ወጣቶች ሜዳ ላይ ያለ ምክንያት እየሮጡ የሚታዩበት አዲስ አሠራር አሳየ። ቦብ ራፈልሰንና በርት ሽናይደር የተባሉ ሁለት ወጣት ፕሮዲውሰሮች ይህንኑ በየሳምንቱ በግማሽ ሰዓት ኮሜዲ ለማቅረብ አሰቡ። ሐሳባቸውን የተቀበለው የኮሎምቢያ ፒክቸርስ የቴሌቪዥን ክንፍ የሆነው ስክሪን ጄምስ ነው። በሴፕቴምበር 1965 በሆሊውድ የሙያ ጋዜጦች ላይ ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 21 የሆኑ አራት ቀውስ ልጆች እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ወጣ። 437 አመልካቾች መጡ።

ከተመረጡት አራቱ ውስጥ ሁለቱ የትወና ልምድ፣ ሁለቱ የሙዚቃ ልምድ ነበራቸው። ዴቪ ጆንስ የማንቸስተር ልጅ ሲሆን በብሮድዌይ «ኦሊቨር!» በተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር ተጫውቷል፤ የቲያትሩ ቡድን በኤድ ሰሊቫን ዝግጅት ላይ የቀረበውም በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964፣ ቢትልስ አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በታዩበት በዚያው ምሽት ነበር። ሚኪ ዶሌንዝ በልጅነቱ «ሰርከስ ቦይ» በተባለ የቴሌቪዥን ድራማ መሪ ተዋናይ ሆኖ አድጓል። ማይክል ኔስሚዝ ከቴክሳስ የመጣ፣ የራሱን ዘፈን የሚደርስ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ለፈተና ሲቀርብ አድርጎት የመጣው የሱፍ ቆብ በኋላ የገጸ ባሕርዩ መለያ ሆነ። ፒተር ቶርክ በኒው ዮርክ ግሪኒች ቪሌጅ ቡና ቤቶች ባንጆና ጊታር ሲጫወት የኖረ ሲሆን፣ እንዲሞክር የነገረው ራሱ ለዚሁ ቦታ ቀርቦ ያልተመረጠው ስቲቨን ስቲልስ ነው። ቡድኑ ሲደራጅ ድራሙ ለዶሌንዝ ተሰጠው፤ ዶሌንዝ ግን ድራም መትቶ አያውቅም ነበር። ጆንስ ትንሽ ይችል ነበር፤ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ግን ከድራሙ ኋላ ቢቀመጥ ካሜራው አያገኘውም ተባለ። ለዓይን ሲባል ከጆሮ የሚቀነስበት አሠራር ከዚህ ቀን ጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1965 መጨረሻ የተቀረጸው የሙከራ ክፍል በናሙና ተመልካቾች ፊት ሲታይ ውጤቱ እጅግ ዝቅተኛ ሆነ። ራፈልሰን ፊልሙን እንደገና ቆርጦ ገጠመው፤ የጆንስና የኔስሚዝን የፈተና ቀረጻ ከመጀመሪያው ላይ ጨመረበት። ተመልካቹ ልጆቹን ከታሪኩ በፊት በመተዋወቁ ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ፤ ኤንቢሲም ዝግጅቱን ገዛ። በዚያ የሙከራ ክፍል ላይ የተሰሙት ድምፆች የአራቱ አልነበሩም። የዘፈኖቹ ደራሲዎች ቶሚ ቦይስና ቦቢ ሃርት ናቸው የዘፈኑት።

የሸክላውን ንግድ ለመረዳት ባለቤቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ኮሎምቢያ ፒክቸርስና ስክሪን ጄምስ ስማቸውን አዳቅለው «ኮልጄምስ» የሚባል አዲስ የሸክላ ድርጅት አቋቋሙ። ማተሙንና ማከፋፈሉን የያዘው አርሲኤ ቪክተር ነው። አርሲኤ ደግሞ የኤንቢሲ ባለቤት ነበር፤ የቴሌቪዥን መቀበያም ያመርታል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በአርሲኤ ቴሌቪዥን የኤንቢሲን ዝግጅት አይቶ ሸክላውን ሲገዛ ገንዘቡ ከአንድ ግቢ ብዙም አይወጣም። ዘፈኖቹም የታተሙት በስክሪን ጄምስ የሙዚቃ አሳታሚነት በመሆኑ ከእያንዳንዱ ሸክላ የደራሲነት ክፍያ ላይ ድርሻ አለው። ዝግጅቱ ለሸክላው ማስታወቂያ ነው፤ ሸክላው ለዝግጅቱ።

ይህን የሙዚቃ ክፍል የሚመራው ዶን ከርሽነር ነበር። ከርሽነር ከአል ኔቪንስ ጋር በ1958 ባቋቋመው አልደን ሙዚክ በተባለ ድርጅት የኒው ዮርክን ምርጥ ወጣት ደራሲዎች ሰብስቦ ነበር፤ ጄሪ ጎፊንና ካሮል ኪንግ፣ ባሪ ማንና ሲንቲያ ዋይል፣ ኒል ሰዳካና ሃዋርድ ግሪንፊልድ በጠባብ ክፍሎች በየፒያኗቸው ተቀምጠው በቀን በቀን ዘፈን ያወጡ ነበር። በ1963 ድርጅቱን ለስክሪን ጄምስ ሸጦ የሙዚቃው ኃላፊ ሆነ። ራሱ መሣሪያ ተጫዋች አልነበረም፤ ዋጋው ጆሮው ነው። የትኛው ዘፈን እንደሚሸጥ ያውቅ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነበር። ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም።

ከርሽነር መጀመሪያ አልበሙን ለታወቁ ፕሮዲውሰሮች ለመስጠት ሞከረ። ስነፍ ጋሬት የተባለው ፕሮዲውሰር በ1966 የበጋ መጀመሪያ ከአራቱ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ መሪ ድምፁን ሁሉ ለዴቪ ጆንስ ሊሰጥ በመፈለጉ ሳይስማሙ ቀሩ። ጊዜው እየጠበበ ሲሄድ ሥራው ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው ለነበሩት ለቦይስና ሃርት ተመለሰላቸው። ሁለቱ «ካንዲ ስቶር ፕሮፌትስ» የሚባል የራሳቸው ባንድ ነበራቸው። ጄሪ መጊ ጊታር፣ ላሪ ቴይለር ቤዝ፣ ቢሊ ሉዊስ ድራም ይጫወታሉ፤ ጊታሪስቱ ሉዊ ሼልተንም ተጨመረ። የመጀመሪያው አልበም አብዛኛው ክፍል የእነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ነጠላ ዜማ «ላስት ትሬን ቱ ክላርክስቪል» አወላለዱ በራሱ ታሪክ ነው። ቦቢ ሃርት የቢትልስን «ፔፐርባክ ራይተር» መጨረሻ በሬዲዮ ሲሰማ ስለ መጨረሻው ባቡር የሚዘፍኑ መሰለው። በኋላ ደግሞ ሲሰማው እንዲያ ያለ ቃል እንደሌለ ገባው፤ ታዲያ ቢትልስ ካልተጠቀሙበት ለእኔ ይሆናል ብሎ ያዘው። የዘፈኑ ሰው ባቡር ጣቢያ ሆኖ ፍቅረኛውን ለአንድ ሌሊት ብቻ እንድትመጣ ይለምናታል፤ ነገ ይሄዳል፤ ተመልሶ መምጣቱንም አያውቅም። ወዴት እንደሚሄድ አይነገርም፤ ደራሲዎቹ ግን በልባቸው የያዙት ወደ ቬትናም የሚላክ ወታደር እንደነበር ኋላ ተናግረዋል። በቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ ይህን በግልጽ መናገር በ1966 የሚታሰብ አልነበረም። ዜማው ፈጣንና ደስ የሚል በመሆኑ ብዙ ልጆች ሐዘኑን ሳያስተውሉ ጨፍረውበታል። ጥሩ የፖፕ ዘፈን አንዳንዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚከብደውን ነገር በቀላል እግር ያሳልፋል።

ዘፈኑ የተቀረጸው በጁላይ 25 ቀን 1966 በሆሊውድ በሚገኘው የአርሲኤ ስቱዲዮ ነው። መግቢያው ላይ የሚሰማውና እስከ መጨረሻ እየተመላለሰ የሚሄደው የጊታር ሐረግ የሉዊ ሼልተን ነው፤ ከቢትልስ ጊታር ጋር ዝምድና እንዳለው ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ከአራቱ ውስጥ በዚህ ቀረጻ መሪ ድምፁን የሰጠው ዶሌንዝ ነው። አራቱ ቀን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ዝግጅቱን ሲቀርጹ ይውላሉ፤ ማታ ስቱዲዮ ገብተው አስቀድሞ በተቀረጸ ሙዚቃ ላይ ይዘፍናሉ። ሸክላው በኦገስት አጋማሽ፣ ዝግጅቱ ከመጀመሩ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ወጣ። ሬዲዮ ጣቢያዎች ገና በቴሌቪዥን ያልታዩ የአራት ወጣቶችን ዘፈን ማጫወት ጀመሩ። በኖቬምበር ዘፈኑ አንደኛ ሆነ።

ዘፈኖቹ በዝግጅቱ ውስጥ የሚገቡበት መንገድም መታየት አለበት። በአብዛኛው በአንድ ክፍል ሁለት ያህል ዘፈኖች ይደመጣሉ። አንዳንዱ ልጆቹ መድረክ ላይ ሆነው በፕሌይባክ ሲጫወቱት ይቀርባል። ሌላው ግን በማሳደድና በመሮጥ ትዕይንት ላይ ይለጠፋል፤ ሰላዮች፣ ወንበዴዎች ወይም የተቆጣ የቤት አከራይ ከኋላ እየተከተሏቸው ታሪኩ ይቆምና ሙዚቃው ይረከባል። ፊልሙ በዜማው ምት እየተቆረጠ ይፈጥናል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ልብሳቸው በየሰከንዱ ይለወጣል። ዘፈኑ ከታሪኩ ጋር በቃል ስለማይገናኝ በማንኛውም ክፍል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ ለነጋዴው ትልቅ ጥቅም ነበረው። በ1967 በጋ የመጀመሪያው ምዕራፍ ክፍሎች በድጋሚ ሲታዩ የቀድሞ ዘፈኖች ከአንዳንዶቹ ወጥተው አዲስ የወጡ ዘፈኖች ተተክተውባቸዋል። ሥዕሉ ያው ነው፤ የሚሸጠው ሸክላ ግን ሌላ ነው። በንግግሮቹ መሐልና ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ሲታለፍ የሚሰማውን አጫጭር ማጀቢያ ያቀናበረው ስቱ ፊሊፕስ ሲሆን፣ የእሱ ሥራ በአልበሙ ላይ የለም። አልበሙ ማጀቢያ ይባል እንጂ የያዘው የዝግጅቱን ዘፈኖች ብቻ ነው።

ከአሥራ ሁለቱ ዘፈኖች መሐል ሁለቱ ከሌሎቹ ይለያሉ። ኔስሚዝ ውል ሲፈርም የራሱን ዘፈኖች የማዘጋጀት ዕድል እንዲሰጠው ጠይቆ ስለነበር «ፓፓ ጂንስ ብሉዝ» የተባለውን ዘፈኑንና ከጎፊንና ኪንግ ጋር የደረሰውን «ስዊት ያንግ ቲንግ» በፕሮዲውሰርነት ሠራ። ለእነዚህ ሥራዎች የሎስ አንጀለስን ስም ያላቸው የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ጠራ፤ ጄምስ በርተን፣ ግሌን ካምቤልና ድራመሩ ሃል ብሌን ይገኙበታል። ከሪኪ ኔልሰን ኋላ ቆሞ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሸክላ እንዴት እንደሚሸጥ ያየው በርተን እዚህ ተመልሶ መጣ። ኔስሚዝ ሌላም ነገር አደረገ፤ ፒተር ቶርክን ጊታር አስይዞ ከእነዚህ ሰዎች መሐል አስቀመጠው። በመጀመሪያው አልበም ላይ ከአራቱ አንዱ መሣሪያ ሲጫወት የሚሰማው በዚህ በኔስሚዝ ግትርነት ነው። ዘፈኖቹ የገጠር ሙዚቃ ጣዕም ያላቸው፣ ከቀሩት ዘፈኖች ይልቅ ሸካራና ሕያው ናቸው። በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ የ«ፓፓ ጂን» ስም በስህተት ፊደል ታትሞ ወጣ። ደራሲው በግንባሩ የቆመለትን ሥራ ርእሱን እንኳ ማንም በጥንቃቄ አላነበበለትም ማለት ነው።

በሽፋኑ ላይ ፕሮዲውሰሮቹና የዘፈን ደራሲዎቹ ተጠቅሰዋል። መሣሪያ የተጫወቱት ግን አንዳቸውም አልተጠሩም። የፊት ገጹ ላይ የአራቱ ፎቶግራፍና የጊታር ቅርጽ ያለው ዓርማ አለ፤ ገዢው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? በዚያ ዘመን የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን መጠቀም የተለመደ ነበር። በበርድስ «ሚስተር ታምቡሪን ማን» ቀረጻ ላይ ከቡድኑ አባላት መሣሪያ የተጫወተው ሮጀር መግዊን ብቻ ነው። የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» ሙዚቃም በአብዛኛው የተሠራው በእነዚያው የሎስ አንጀለስ ሙዚቀኞች ነው። ስለዚህ ሞንኪስን በዚህ ብቻ ነጥሎ መክሰስ ሚዛን የጎደለው ነው። ጥፋቱ ያለው በሽፋኑ ዝምታ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ በየሳምንቱ ሰኞ ማታ አራቱ ሲጫወቱ እያሳየ፣ ሸክላው የእውነተኞቹን ተጫዋቾች ስም መሸሸጉ አራቱን ተዋናዮች ራሳቸው ባልመረጡት ሐሰት ፊት አቆማቸው፤ ሉዊ ሼልተንንና ጓደኞቹን ደግሞ ከሥራቸው ክብር አራቃቸው። ሁለቱም ወገኖች ተጎድተዋል።

አራቱም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በዲሴምበር 3 ቀን 1966 በሆኖሉሉ የመጀመሪያውን ሕዝባዊ ኮንሰርት ሲያቀርቡ መድረኩ ላይ የተጫወቱት ራሳቸው ነበሩ። ዶሌንዝ ድራም መምታት የተማረው ለዚሁ ነው። ቀደም ብሎ በኖቬምበር ኒል ዳይመንድ የደረሰው «አይም ኤ ቢሊቨር» ከመውጣቱ በፊት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትእዛዝ አግኝቶ ወጣ፤ ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ከዚያ ጃንዩወሪ 1967 መጣ። ቡድኑ ለኮንሰርት ጉዞ ክሊቭላንድ ሳለ «ሞር ኦቭ ዘ ሞንኪስ» የሚባል አዲስ አልበማቸው እንደወጣ ሰሙ። ሰው ልከው ከሙዚቃ ቤት አስገዙት። የተዘጋጀው ሳይጠየቁ፣ ዘፈኖቹም ሳይመርጧቸው ነው። የፊት ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ለአንድ ልብስ መደብር ማስታወቂያ የተነሱት ነበር። ጀርባውን ሲገለብጡት ከርሽነር የጻፈው ማብራሪያ ደራሲዎቹንና ፕሮዲውሰሮቹን በስም እየጠራ ያመሰግናል፤ የአራቱ ስም የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የራስን አልበም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከሱቅ ገዝቶ ማወቅ ምን እንደሚመስል ለመገመት ብዙ ሐሳብ አይጠይቅም።

ኔስሚዝ በዚያው ወር ለአንድ ትልቅ መጽሔት በሸክላዎቹ ላይ መሣሪያ የሚጫወቱት እነሱ አለመሆናቸውን በግልጽ ተናገረ። ቀጥሎ በቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል በተደረገ ስብሰባ ከርሽነር ለእያንዳንዳቸው የ250,000 ዶላር የሮያሊቲ ቼክ ይዞ መጣ። ኔስሚዝ ገንዘቡ ሳይሆን ሙዚቃው በእጃችን ይሁን አለ፤ ካልሆነ እለቃለሁ። የከርሽነር ወገን ጠበቃ ውሉን እንዲያነብ ሲነግረው በቡጢ ግድግዳውን መትቶ በረቀሰው። ያ ግድግዳ በፖፕ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለመሳቂያ ነው። ለሳቅ የሚሆን ግን አይደለም፤ በእጁ ያለውን ሀብት ለሥራው ሲል ለመተው የተዘጋጀ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር።

ነገሩን የቋጨው የከርሽነር የራሱ እርምጃ ነው። የሚቀጥለው ነጠላ ዜማ ጀርባ በቡድኑ በራሱ የተሠራ ዘፈን እንዲሆን ስምምነት ነበር። ከርሽነር ይህን ወደ ጎን ትቶ ሁለቱንም ገጽ በራሱ ምርጫ ሞልቶ ሸክላውን ካናዳ ውስጥ አወጣ። በፌብሩዋሪ 1967 ከኃላፊነቱ ተነሳ። ሸክላው ተሰብስቦ ጀርባው በኔስሚዝ ዘፈን ተተካ፤ በዚያ ዘፈን ላይ የተጫወቱት አራቱ ናቸው።

ከዚያ የተከተለው «ሄድኳርተርስ» የተባለው አልበም ነው። ከተርትልስ ባንድ የመጣው ቺፕ ዳግላስ ፕሮዲውሰር ሆነ፤ ቤዝም በብዛት እሱ ተጫወተ። ዶሌንዝ ድራሙን፣ ቶርክ ኪቦርዱንና ባንጆውን፣ ኔስሚዝ ጊታሩንና ፔዳል ስቲሉን፣ ጆንስ ታምቡሪንና ማራካሱን ያዙ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ዶሌንዝ ገና ለማጅ ስለነበር አንድ ዘፈን ደጋግመው ቀርጸው፣ ከየቀረጻው ደህና የሆነውን ቴፑን እየቆረጡ ይቀጥሉ ነበር። ውጤቱ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ጥሬና ያልተወለወለ ነው፤ ምቱ አልፎ አልፎ ይፋጠናል፣ አልፎ አልፎ ይንገዳገዳል። ግን አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ እየተያዩ ሲጫወቱ የሚሰማው ሙቀት አለው፤ የመጀመሪያው አልበም በጥራቱ ሁሉ ይህን አላገኘም። ሽፋኑም በዚህ ጊዜ ተናገረ፦ ተጨማሪ ተጫዋቾች በጥቂት ቦታ እንደገቡ፣ ሥራውን የመሩት ግን አራቱ መሆናቸው ተጽፎበታል። በሜይ 1967 ወጥቶ በጁን ለአንድ ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ቦታውን ወሰደ። «ሄድኳርተርስ» ከእሱ ሥር ሁለተኛ ሆኖ 11 ሳምንት ቆየ። በዚያው ጁን ወር ዝግጅቱ የዓመቱ ምርጥ ኮሜዲ ተብሎ የኤሚ ሽልማት አገኘ።

በኖቬምበር የወጣው አራተኛው አልበም እንደገና የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን ጠራ፤ ልዩነቱ አሁን የሚጠሯቸው አራቱ ራሳቸው መሆናቸው ነው። ዶሌንዝ በወቅቱ እጅግ ብርቅ የነበረውን የሙግ ሲንተሳይዘር ገዝቶ በዚህ አልበም ተጠቅሞበታል። ያም አንደኛ ወጣ፤ በ1967 ብቻ የሞንኪስ አራት አልበሞች በሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀምጠዋል። ዝግጅቱ ግን በማርች 1968፣ ከ58 ክፍሎች በኋላ ቆመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው «ሄድ» የተባለው ፊልማቸው ሰው አላየውም፤ የማጀቢያ አልበሙን ቆርጦ የገጣጠመው ገና ስም ያላወጣው ጃክ ኒኮልሰን ነበር። ራፈልሰንና ሽናይደር ከሞንኪስ ባገኙት ገንዘብ «ኢዚ ራይደር»ን ወደ መሥራት ተሻገሩ።

ከርሽነር ከደረሰበት ነገር የራሱን ትምህርት ወሰደ። ቀጥሎ ሙዚቃውን የያዘው የካርቱን ባንድ ነው፤ በሥዕል የተሠሩ ተዋናዮች ውል አይከራከሩም፣ ግድግዳ አይመቱም። የ«ዘ አርቺስ» «ሹገር ሹገር» በ1969 ለአራት ሳምንታት አንደኛ ሆነ። ስክሪን ጄምስም ቢሆን በ1970 «ዘ ፓርትሪጅ ፋሚሊ»ን ሲጀምር የተከተለው የቀድሞውን መንገድ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በቴሌቪዥን መሣሪያ ይዞ ይታያል፤ በሸክላው ላይ ግን ከተዋናዮቹ የሚሰሙት ዴቪድ ካሲዲና የእንጀራ እናቱ ሸርሊ ጆንስ ብቻ ናቸው። ከበሮውን የመታው ሃል ብሌን ነው፤ ኔስሚዝ «ፓፓ ጂንስ ብሉዝ»ን ሲቀርጽ ከድራሙ ኋላ የነበረው ያው ሰው።

አሮጌዎቹ ሸክላዎች በ1986 ያልተጠበቀ ሁለተኛ ዕድሜ አገኙ። ኤምቲቪ በፌብሩዋሪ የዝግጅቱን ክፍሎች አንድ ቀን ሙሉ በተከታታይ ሲያሳይ አዲስ ትውልድ ተመልካች ተገኘ። ለእንዲህ ያለ ጣቢያ መንገድ የጠረገውን «ፖፕ ክሊፕስ» የተባለ የሙዚቃ ቪዲዮ ዝግጅት ቀደም ሲል የፈጠረው ራሱ ኔስሚዝ ነበር። ሃያ ዓመት ያለፋቸው አልበሞች በበርካታ ቁጥር ወደ ሽያጭ ሰንጠረዡ ተመለሱ፤ የመጀመሪያውም አብሮ። ዴቪ ጆንስ በ2012፣ ፒተር ቶርክ በ2019፣ ማይክል ኔስሚዝ በ2021 አረፉ። ከዚያ በፊት በ2016፣ ዝግጅቱ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ በሕይወት የነበሩት ሦስቱ «ጉድ ታይምስ!» የሚል አልበም አውጥተው ነበር። ጆንስ በሕይወት ሳለ የቀረጸው አንድ ዘፈንም ገብቶበታል።

የቡድኑን ሥራዎች መልሶ ማሳተሙን የያዘው ራይኖ የተባለው ድርጅት ነው። የቀረጻ ቀኖቹን መዝገቦችና የሙዚቀኞች ማኅበር የክፍያ ወረቀቶችን መሠረት በማድረግ ለየዘፈኑ ማን ምን እንደተጫወተ ተለይቶ ወጣ። የመጀመሪያው አልበም በ2006 በሁለት ሲዲ ተሰናድቶ ሲቀርብ፣ በ1966 ባዶ የነበረው ቦታ በስም ተሞልቷል፤ ሉዊ ሼልተን ጊታር፣ ጄሪ መጊ ጊታር፣ ላሪ ቴይለር ቤዝ፣ ቢሊ ሉዊስ ድራም፤ በ«ፓፓ ጂንስ ብሉዝ» ደግሞ ከጄምስ በርተንና ከግሌን ካምቤል ጎን ፒተር ቶርክ፣ ጊታር።